ለሁለት ትከሻ የተሠራ ሰደፍ

ፍኖተ ሰላም፣ ከገበያው ጥግ ከሰደፍ ሠሪው ከአያ ወርቁ ሱቅ የገባሁ ዕለት የታዘዝሁት ጠርሙስ እንድሰብር ነው። እኔ ጠመንጃ የሚያስነኩኝ መስሎኝ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነበር የሄድሁት። «ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልልና በመዶሻ ምታው፤ ስለት ያለውን ስባሪ ለይተህ አምጣ» አሉኝ። ሰደፍ መጨረሻ ላይ የሚፋቀው በጠርሙስ ስባሪ ነው። ሞረድ ያሻከረውን እሱ ያለሰልሰዋል። ሲመሻሽ እጄን አገላብጠው አዩና «እንጨቱን ሳትጀምር ራስህን ፋቅህ። በል ነገም ና» አሉኝ። የተቀጠርሁት እንዲህ ነው።

ሰደፍ ለማያውቅ ላስረዳ። የጠመንጃው የእንጨት ክፍል፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ማለት ነው። ብረቱ ከባለቤቱ የበለጠ ዕድሜ አለው፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይሄዳል። እንጨቱ ግን ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ያብጣል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ሰካራም ይወድቅበታል። የኛ ሥራ እሱን መለወጥ ነበር። ብረቱን አንነካም። ጥይትም የኛ ጉዳይ አይደለም።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ወይራ ጠንካራ ነው ብለው የሚያመጡ አሉ፤ ወይራ ግን ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይፈነዳል። ዋንዛው ተሰንጥቆ ከጣራ ሥር በጥላ ይከርማል። ፀሐይ ላይ የደረቀ እንጨት ሰደፍ አይሆንም፣ ይጣመማል። ከዚያ በምሳር ይጠረባል፣ የብረቱ መቀመጫ በመሮ ይቦረቦራል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ በጠርሙስ ይፋቃል፣ በመጨረሻ የኑግ ዘይት በጨርቅ እየተቀባ ይታሻል። ዘይቱን እንጨቱ ጠጥቶ እስኪጠግብ ነው። ጠግቦ ሲያበቃ እንደ በሬ ግንባር ያብለጨልጫል።

ልኩ የሚወሰደው ከሰውየው ነው። ክንዱን አጥፎ ይቆማል፤ የሰደፉን ጫፍ ከክርኑ እጥፋት አስገባና ጣቱ ቃታው ላይ በደንብ መድረሱን አያለሁ። ካጠረ፣ ሲተኩስ የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይለዋል። ከረዘመ ብብቱ ውስጥ ይቀረቀርና በቶሎ አይነሳም። አያ ወርቁ «ሰደፍና ጫማ ያው ነው፤ የሰው አትልበስ» ይሉ ነበር።

ባለጠመንጃው ሰደፉን ሲረከብ ይስመዋል። የሠራውን እጅ ግን አይጨብጥም፤ ባለእጅ ነዋ። ሰላምታው ከሩቅ ነው፣ በአገጭ። ይህን ያነሳሁት ለወቀሳ አይደለም። የነበረው እንዲህ ስለሆነ ነው።

አያ ወርቁ ሲያርፉ እኔ ወደ ቡሬ ሄጄ ከመናኸሪያው ጀርባ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። አንድ እንጨት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ፣ ሁለት መሮ፣ ሞረዶች፣ ካቻቢቴ፣ የዘይት ጣሳ። ሌላ ነገር አልነበረኝም። ከቆላውም ከደጋውም ይመጡብኝ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጠመንጃ ይሰበሰባል ይባላል፣ ሰው ጎተራ ሥር ይቀብራል፤ ነገሩ ሲረግብ ያወጣውና እኔ ዘንድ ያመጣዋል፣ እንጨቱ በስብሶ። ስለዚህ የኔ ሥራ ከክፉ ዘመንም አይጠፋም ነበር። እኔም አይጠፋም ብዬ ነው የኖርሁት።

አሁን የማወራው ስለ አንዲት ምንሽር ጠመንጃ ነው።

አያ ሞላ የሚባሉ የቡሬ ገጠር ገበሬ ደንበኛዬ ነበሩ። ሲሞቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀሩ። ታላቁ ጥሩነህ ቁመቱ በየበሩ ጎንበስ የሚያሰኘው ነው። ታናሹ ስንሻው አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ሳቂታ። መሬቱን ከወንዝ ወዲህና ወዲያ ተካፈሉ። ከብቱን ተካፈሉ። ምንሽሯ ግን ለሁለት አትቆረጥ። መሸጥ ደግሞ አባትን ገበያ እንደ ማውጣት ነው ተባለና ሽማግሌ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ ዓመቱን ከፈሉት። ከኅዳር ሚካኤል እስከ ሰኔ ሚካኤል ከጥሩነህ ጋር ትሁን፣ በጋውን ከብት ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳልና። ከሰኔ ሚካኤል እስከ ኅዳር ሚካኤል ከስንሻው ጋር ትሁን፣ ማሳው ከጫካ ዳር ስለሆነ ክረምቱን ዝንጀሮና ሌባ አይለቀውምና። ሁለቱም መሬት ስመው ተቀበሉ።

ታዲያ ከሱቄ አብረው መጡ። ሰደፏ ተሰንጥቃለች፣ አዲስ ይሠራ።

«ለማናችሁ ልሥራው?» አልሁ።

«ለሱ» አለ ጥሩነህ።

«ለአያ» አለ ስንሻው።

«ለሱ ብሠራው አንተን አፍንጫህን ይልሃል። ላንተ ብሠራው እሱ ብብት ውስጥ ትቀራለች።»

«አፍንጫዬ ድሮም ጠማማ ነው፣ ግድ የለም» አለ ጥሩነህ። ስንሻው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ስስቅ እያሰብሁ ነበር።

የሠራሁት እንዲህ ነው። ሰደፏን በስንሻው ልክ ቀረጽሁ። ከዚያው ከዋንዛው፣ ከዚያው ግንድ፣ ለጥሩነህ የሚጎድለውን ያህል ቅጥያ አወጣሁ። ቅጥያው ምላስ አለው፣ ሰደፏ ጉሮሮ አላት፤ ይገባና በሁለት ረጃጅም ብሎን ይጠብቃል። የእንጨቱ መስመር ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ሳይቋረጥ እንዲሄድ አድርጌ ነው የገጠምሁት። መጋጠሚያው ላይ ጥፍር ብታስኬድ አይሰማህም። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራው በሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየሚካኤሉ ሁለቱም ከሱቄ ይመጡ ጀመር። በሰኔ ቅጥያውን አውልቄ ከግድግዳው ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ስንሻው ይወስዳታል። በኅዳር መልሼ እገጥመዋለሁ፣ ጥሩነህ ይወስዳታል። ርክክቡም ደንብ ነበረው። ተቀባዩ ወዲያው አይቀበልም።

«ዘንድሮ እንኳ አንተው ዘንድ ትክረም፣ አያ» ይላል ስንሻው።

«ተራህ ነው፣ ያዝ።»

«ኧረ አንተ ታላቅ ነህ።»

«ያዝ አልሁህ እኮ!»

«ከብትህስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ክንዴን አደነዘዝኸው። ያዝ!»

ሦስት ጊዜ «ያዝ» ካልተባለ እጁን አይዘረጋም። በኅዳርም ያው ነው፣ ሰጪና ተቀባይ ተለዋውጠው። ተራው የማን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ይሁንና አንዱ «ያዝ» ካላለ፣ ሌላው ካልተግደረደረ ነገሩ ወግ አይሆንም። ጸጉራቸው እስኪሸብት ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ከዚያ አዋጁ መጣ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ፣ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። የሚጠግንም ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ሕጉን ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ጎረምሳ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ እየተኮሰ የሰው ልጅ ሲገድል አይቻለሁ፤ በድንበር ተጣልተው ሲጨራረሱም ቀብራቸው ላይ ቆሜአለሁ። ልክ ይበጅለት ቢሉ እሰይ ነው የምለው። እኔ የማወራው ልኩ ሲወሰድ ስለሆነው ነው።

ወንድማማቾቹ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄዱ እኔም የጥገና ፈቃድ ልጠይቅ አብሬ ሄድሁ። ምንሽሯን በጋቢ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ በመካከላቸው አስቀምጠዋታል፣ እንደ ታመመ ልጅ። መንገዱን ሁሉ ስለ በቆሎ ነው ያወሩት። በማን ስም ትጻፍ የሚለውን አንዳቸውም አላነሱትም። ቀድሞ ያነሳ የጎመጀ ይመስላላ።

የቢሮው ግቢ ሞልቷል። ሰልፉን የያዙት ጠመንጃዎቹ ናቸው፤ መሬት ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ባለቤቶቹ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል። አንዱ ውጅግራ ያመጣ ሽማግሌ፣ ብረቱ ዝጎ ቀይ የሆነ፣ «የኔዋ ልትመዘገብ ሳይሆን ጡረታ ልትጠይቅ ነው የመጣች» ሲል ግቢው ሳቀ። ሌላው ቀበል አድርጎ «አይዞዎት አባ፣ እርስዎንም አብረው ይጽፉዎታል» አለው። እንዲህ እየተባለ ተራችን ደረሰ። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ።

የሚመዘግበው ልጅ ከወሎ የመጣ፣ ትሑት ልጅ ነበር። ቢሮ ውስጥ ሆኖም ተነስቶ ነው የተቀበለን።

«የሁለታችን ናት» አለው ጥሩነህ።

«ጋሼ፣ አንድ መሣሪያ በአንድ ሰው ስም ነው።»

«ለሁለት ብትጽፈንስ?»

«ሕጉ ሁለት ባለቤት አያውቅም። ስሙ የሌለበት ሰው ይዞ ከተገኘ መሣሪያው ይወረሳል፣ እሱም ይጠየቃል። በማን ስም ላድርገው?»

ከውጭ «ኧረ ቶሎ በሉ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«በታላቄ» አለ ስንሻው።

ይህን ሲል አየሁት። ፊቱ በየሚካኤሉ «አንተው ዘንድ ትክረም» ሲል እንደነበረው ፊት ነው። ቃሉን አስቀምጦ ጥሩነህ እስኪመልስለት ጠበቀ። ጥሩነህ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጁ ብዕሩን አንስቶ «ሙሉ ስም?» አለው። ጥሩነህም ሙሉ ስሙን ተናገረ።

አለቀ። ስንሻው ጋቢውን አጣጥፎ ክንዱ ላይ አደረገና ከግቢው ወጣ።

ተራው የኔ ሆነ። «አባት፣ ለጥገና ፈቃድ የሙያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል» አለኝ ልጁ።

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ካስተማረዎት ተቋም።»

«ያስተማሩኝ አያ ወርቁ ናቸው። እዚሁ ገበያው ጥግ ነበሩ፣ አርፈዋል።»

ልጁ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። አዝኖልኛል፣ አይቻለሁ። «እስቲ መመሪያ ይመጣ ይሆናል፣ ይጠብቁ» አለኝ። መመሪያው ዛሬም አልመጣም። ቡሬ ስመለስ ሞርሳውን ሸጥሁ። አሁን የምሠራው ቀንበርና እርፍ ነው፣ አንዳንዴም የአልጋ እግር። ደግ ሥራ ነው። ቀንበር ግን ማንም አይስመውም።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ስንሻው እንደ ወትሮው ከሱቄ መጥቶ ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ያን ጋቢ ይዞ። ጥሩነህ አርፍዶ መጣ። ትከሻው ባዶ ነው።

«ብረቷስ?» አለ ስንሻው።

«ቤት ናት። ስንሻው፣ አንድ ሰው የአጎቱን ክላሽ ይዞ ኬላው ላይ ተይዞ የለ? ተወርሶበታል እኮ። የአባቴን ብረት መንገድ ላይ አላስወርስም።»

«የአባትህን።»

«የአባታችንን።»

«ክረምቱን እኔ በምን ልጠብቅ?»

«ጥራኝ፣ እመጣለሁ።»

«ከወንዝ ማዶ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ በታላቄ ያልኸው?» አለ ጥሩነህ። ድምፁ ከፍ ብሏል፤ እኔ ከዚያ በፊት ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «አስገድጄሃለሁ? ራስህ ነህ ያልኸው!»

ስንሻው ወደኔ ዞረ። «አያ ተሻለ፣ እርስዎ ይመስክሩ። ብያለሁ፣ አልካድሁም። እሱ መልሶ ጠየቀኝ?»

አልጠየቀውም። እንዲያ ብዬ መሰከርሁ። ስንሻው ጋቢውን አንስቶ ሄደ። ጥሩነህ ምስማሩን እያየ ቆመና እሱም ሄደ። ምስማሩ ባዶ ነበር፤ ቅጥያው ከጥሩነህ ቤት ሰደፏ ላይ ነው።

ሐምሌ ላይ ሌቦች የስንሻውን በሬዎች ከበረት አወጡ። ጠመንጃ ይዘዋል። ስንሻው ዱላ ይዞ ጮኸ፣ ጎረቤት ጮኸ። ጥሩነህ ሰምቶ ምንሽሯን ይዞ ወጥቷል፤ ወንዙ ሞልቶ ነበርና መሻገሪያ ፍለጋ ላይ ታች ሲል፣ በሬዎቹ ጫካውን አልፈዋል። ጥንዱም ሄዱ። የቀጣዩ ዓመት እርሻ አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ጥሩነህ በማግስቱ ከራሱ በሬዎች አንዱን ነድቶ ሄደለት። ስንሻው ከደጁ ሳይነሳ «ይኼ በሬ በማን ስም ነው የተጻፈ?» አለው። ጥሩነህ በሬውን ነድቶ ተመለሰ። ይህን የነገረኝ ራሱ ጥሩነህ ነው፣ ሱቄ ውስጥ፣ ግድግዳውን እያየ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በሰሜን በር የሚገባ ሆኑ።

በኅዳር ሚካኤል ጠዋት ጥሩነህ ምንሽሯን ይዞ መጣ። ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ አድርጎታል።

«አያ ተሻለ፣ ቅጥያዋን ያውልቁልኝ።»

«ልጄ፣ ኅዳር የሚገጠምበት እንጂ የሚወልቅበት አይደለም። ደግሞም ለመጠገን ፈቃድ የለኝም።»

«ማውለቅ መጠገን ነው እንዴ? ለሱ ልወስድለት ነው። መንግሥት ከፈለገ ይሰረኝ። ብቻዬን ብሄድ ስለማያናግረኝ አብረውኝ ይሂዱ።»

ካቻቢቴዬን ፈልጌ አመጣሁ። ብሎኖቹ የኑግ ዘይት ስለጠጡ ወዲያው ለቀቁ። ቅጥያውን ምስማሩ ላይ ሰቀልሁና ተከትዬው ሄድሁ።

ስንሻው ከደጁ ጓዝ እያሰረ አገኘነው። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ቆጋ መስኖ ሊሄድ ነው፣ የሰው ሽንኩርት ሊኮተኩት። የራሱ ጥንድ በሬ የነበረው ሰው ነው እንግዲህ። እኔን ሲያይ ተነሳ፣ አጎንብሶ ሰላም አለኝ። ወንድሙን አላየውም።

«ስንሻው፣ ያዝ» አለ ጥሩነህ። ምንሽሯን በሁለት እጁ አግድም ይዟታል።

«የሰው መሣሪያ ነው። አልይዝም።»

«ያንተ ናት። ቅጥያዋን አስወልቄአታለሁ፣ እይ፣ በልክህ ናት። ያዝ።»

«ስሜ የለበትም፣ አያ። ሕጉን የነገርኸኝ አንተ ነህ።»

«እባክህ ያዝ!» አለ ጥሩነህ።

ስንሻው ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ፈገግ አለ፤ ያ የድሮው ሳቅ ግን አይደለም።

«አሁን ሦስቴ አልኸኝ» አለ። «ያን ዕለት አንዴ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። አንዴ 'የለም፣ በሱ' ብትል፣ እኔ እምቢ ብዬ ባንተው ስም አስጽፌ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ እገባ ነበር።»

ጓዙን ተሸከመና ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረደ። ጥሩነህ ምንሽሯን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ የሚነገረውን እነሱ ጨርሰውታል።

ከዚያ ወዲህ በአገሩ የመጣውን የሚያወራ ሌላ ሰው አይጠፋም። እኔ የማውቀው ሰደፍ ነው። ስንሻው ከቆጋ አልተመለሰም። ጥሩነህ ምንሽሯን ቤቱ አስቀምጧታል፣ ፈቃዱንም ያሳድሳል፤ ቅጥያውን ግን ሊያስገጥም መጥቶ አያውቅም። ለሱ ታጥረዋለች፣ ቢተኩስ አፍንጫውን ትለዋለች። እንጃ፣ ተኩሶም አያውቅ ይሆናል። ቅጥያው አሁንም ምስማሩ ላይ ነው። በየሚካኤሉ አውርጄ ዘይት እቀባዋለሁ፣ እንዳይሰነጠቅ ብቻ።

በዚህ ሙያ ለነበራችሁና በእንጨት ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይኼው ነው። ሁለት ሰው የሚይዘውን ዕቃ ሠራሁ ብላችሁ አትኩሩ፤ አስቀድማችሁ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። ለባለዕቃዎቹም፣ ቢሮ ሦስቴ አይጠይቅም፣ አንዴ ነው የሚጠይቀው። የምትፈልጉትን ከቤታችሁ ተነጋግራችሁ ሂዱ።